አዲስ፣ ዐዲስ፣ ሐዲስ፦ የአንድ ቃል አጻጻፍ በመድረክ፣ በመዝገበ ቃላትና በገበያ

ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ መሐል ላይ አዲስ ቅዳምን ያገኛል። ከተማዋ የፋግታ ለኮማ ወረዳ መቀመጫ ናት። ስሟ ሁለት ቃል ነው፤ ለሁለቱም አስተርጓሚ የሚፈልግ የለም። ነገር ግን የመጀመሪያውን ቃል በቆዩ መጻሕፍት ውስጥ ተከትሎ የሄደ ሰው አንድ መልክ ብቻ አያገኝም። «አዲስ» አለ፣ «ዐዲስ» አለ፣ «ሐዲስ» አለ፣ በሰው ስም ላይ ደግሞ «ሀዲስ»ና «ሃዲስ» አሉ። አንዱ ትክክል ነው፣ የቀሩት ስሕተት ናቸው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙዎቻችን የምናደርገውም ይህንኑ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን በሌላ በኩል ማንሣት ይበጃል እላለሁ፦ እያንዳንዱ አጻጻፍ ስለ ጻፈው ሰው፣ ስለ ተማረበት ቤትና ስላተመው እጅ ምን ይመሰክራል?

ይህ ጥያቄ በጥልቀት ከተፈተነባቸው መስኮች አንዱ የእንግሊዝ ድራማ ነው፤ በተለይ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ከ1558 እስከ 1603 እ.ኤ.አ. በነገሠችበት ዘመንና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት የተጻፈው። በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛ የጸና አጻጻፍ አልነበረውም። ሪቻርድ መልካስተር የተባለ የትምህርት ቤት መምህር በ1582 እ.ኤ.አ. ወደ 8,000 የሚጠጉ ቃላት እንዴት ቢጻፉ እንደሚሻል የሚያሳይ ዝርዝር አሳትሞ ነበር፤ ግን የሚያስገድደው አልነበረም። የሳሙኤል ጆንሰን ታላቅ መዝገበ ቃላት የወጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1755 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የሼክስፒር ዘመን ጸሐፊ አንዱን ቃል በአንዱ ገጽ በአንድ መልክ፣ በሌላው ገጽ በሌላ መልክ ቢጽፈው ማንም አያፍርበትም ነበር። ሼክስፒር ራሱ በእጁ የፈረማቸው ስድስት ፊርማዎች ደርሰውናል፤ አንዳቸውም ዛሬ ዓለም ስሙን በሚጽፍበት መልክ አልተጻፉም።

ከዚያ ዘመን ድራማ እጅግ ካከራከሩት ቃላት አንዱ «አዲስ» መሆኑ ለዚህ ዳሰሳ ይመቻል። ፊልጶስ ሄንስሎው ለንደን ውስጥ «ሮዝ» የተባለውን የቴአትር ቤት በ1587 እ.ኤ.አ. ያስገነባ ነጋዴ ነው። የያዘው የሒሳብ መዝገብ ዛሬም በደልዊች ኮሌጅ ይገኛል፤ ኮሌጁን የመሠረተው ታዋቂው ተዋናይና የሄንስሎው የእንጀራ ልጅ ባል ኤድዋርድ አለን ነው። መዝገቡ የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ አይደለም። በዚህ ቀን ይህ ተውኔት ታየ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ገባ ይላል እንጂ ስለ ጥበብ አንድ ቃል አይናገርም። ሆኖም ስለ ዘመኑ መድረክ የዕለት ተዕለት ኑሮ ይህን ያህል የሚነግረን ሌላ ሰነድ የለም።

ሄንስሎው ቃላትን እንደ ሰማቸው ይጽፋል። የአንዱን ተውኔት ስም በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል። የተማረ ሰው «ሄንሪ» የሚለውን ንጉሥ እሱ «ሀሪ» ይለዋል፤ የሮማውን ጀግና የቲቶ አንድሮኒከስን ስም «ኦንድሮኒከስ» ብሎታል። ይህ ድንቁርና አይደለም፤ የለንደን ሰው በአፉ እንዴት ይጠራው እንደ ነበር የሚያስረዳ ምስክር ነው። ከአንዳንዶቹ ተውኔቶች ስም ጎን ደግሞ ሁለት የላቲን ፊደል ብቻ አስቀምጧል፤ ሲነበብ «ኔ» ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትታየው መጋቢት 3 ቀን 1592 እ.ኤ.አ. «ሀሪ ስድስተኛው» ከተባለው ተውኔት ጎን ነው። ሄንስሎው ራሱ ዓመቱን 1591 ብሎ ጽፎታል፤ የእንግሊዝ ዘመን መለወጫ ያን ጊዜ መጋቢት 25 ላይ ነበርና። በሁለት ዘመን አቆጣጠር መካከል መኖር ለለመደ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ግር አይለውም። የዚያን ዕለት ገቢ 3 ፓውንድ ከ16 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ነው፤ ለሄንስሎው ትልቅ ገንዘብ ነበር።

ይህች ምልክት ምን ማለት ናት? የመዝገቡን የታወቀ እትም በ1904 እ.ኤ.አ. ማሳተም የጀመረው ዋልተር ግሬግ «አዲስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጭር አጻጻፍ እንደ ሆነች ተረዳት። ምልክቷ ባለችበት ቀን ገቢው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሕዝብ ያላየውን ለማየት ይጎርፋልና ትርጉሙ ይስማማል። ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። «ጀሮኒሞ» ብሎ የሚጠራው የስፔን በቀል ታሪክ በ1592 እ.ኤ.አ. በመዝገቡ ላይ ምልክት ሳይኖረው ደጋግሞ ታይቷል። ያው ተውኔት ጥር 7 ቀን 1597 እ.ኤ.አ. ሲታይ ምልክቷ ተጨምራበታለች። አምስት ዓመት ሙሉ ሕዝብ ያየው ነገር እንዴት አዲስ ይሆናል? «እስክንድርና ሎዶዊክ» የተባለው ደግሞ በአንድ ክረምት ውስጥ ሁለት ጊዜ ምልክቷን አግኝቷል። የቲቶ ታሪክም በጥር 1594 እ.ኤ.አ. ምልክቷ አለበት፤ ዳሩ ግን በዚያው ዓመት የታተመው መጽሐፍ ሽፋን ሦስት የተዋንያን ማኅበራት እንደ ተጫወቱት ይናገራል፤ ተውኔቱ ከዚያ ቀደም ብሎ በሌሎች እጅ ሳይቆይ አልቀረም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሐሳቦች ተከፋፈሉ። አንዳንዶች «ታድሶ የቀረበ» ማለት ነው አሉ፤ ባለቤቶቹ አሮጌውን ተውኔት አዲስ ክፍል አስጨምረው፣ አስተካክለው ሲያቀርቡት እንደ አዲስ ይቆጠራል። ሌሎች «ለዚህ ማኅበር አዲስ» ሊሆን ይችላል አሉ። በ1961 እ.ኤ.አ. መዝገቡን እንደገና ያሳተሙት ፎክስና ሪከርት ምልክቷ የቤተ መንግሥቱ የጨዋታ ሹም አዲስ ፈቃድ የሰጠበትን ተውኔት ልታመለክት እንደምትችል አሰቡ። በ1991 እ.ኤ.አ. ዊኒፍሬድ ፍሬዘር ምልክቷ የቦታ ስም ናት፣ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ያለውን የኒዊንግተን ቴአትር ቤት ታመለክታለች የሚል መላ ምት አቀረቡ። ይህ የመጨረሻው አላሳመነኝም፤ ሄንስሎው በኒዊንግተን የታዩትን ተውኔቶች ሲመዘግብ የቦታውን ስም ከላይ በግልጽ ጽፎታልና ማሳጠር የሚያስፈልገው አይመስልም። ከሁሉ የሚሻለው ከአንድ በላይ ትርጉም ያቀፈው መልስ ነው። ለነጋዴ አዲስ ማለት ተመልካች እንደገና ገንዘብ የሚከፍልበት ነገር ነው፤ ገና የተጻፈም ይሁን የታደሰ፣ ወይም አዲስ ፈቃድ ያገኘ፣ ለሳጥኑ ልዩነት የለውም። ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከተጠቃሚው ሥራ መረዳት ያለብን እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የእንግሊዝ ጉዳይ ስለ አጻጻፍ ብቻ ነው። «ሰር ቶማስ ሞር» የተባለ ተውኔት በእጅ ጽሑፍ ቀርቶ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። የበርካታ ሰዎች እጅ ጽፎበታል፤ የጨዋታ ሹሙ ኤድመንድ ቲልኒም ለመንግሥት አይመችም ያለውን ሰርዞበታል። ከእጆቹ መካከል ሦስት ገጽ የጻፈው ሰው ሼክስፒር ነው የሚለው ሐሳብ በ1923 እ.ኤ.አ. በአልፍሬድ ፖላርድ አዘጋጅነት በወጣ መጽሐፍ ሰፊ ድጋፍ አገኘ። ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ አንዲት ቃል ናት። «ዝምታ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይህ እጅ በመጀመሪያው ፊደል ላይ ሌላ የማይነበብ ፊደል ጨምሮ ባልተለመደ መልክ ጽፎታል። በ1600 እ.ኤ.አ. በታተመው የሄንሪ አራተኛ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ «ዝምታ» የተባለ ሽማግሌ ዳኛ አለ፤ ስሙ የታተመው በዚያው እንግዳ መልክ ነው። አታሚው ከደራሲው የእጅ ጽሑፍ ሲለቅም የደራሲውን ልማድ እንዳለ አሳልፎት ይሆናል። አንዲት ቃል ብቻዋን ሰውን ለይታ አትመሰክርም፤ ከእጅ ጽሑፉ ቅርጽና ከሐሳቡ ፍሰት ጋር ስትደመር ግን ክብደት አላት። ዛሬ ብዙ አዘጋጆች እነዚያን ገጾች ከሼክስፒር ሥራዎች ጋር ያትሟቸዋል።

የአታሚዎቹም እጅ እንዲሁ ይታወቃል። በ1623 እ.ኤ.አ. ሠላሳ ስድስት የሼክስፒር ተውኔቶች በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሲታተሙ ፊደል ለቃሚዎቹ ብዙ ነበሩ። አንደኛው «አድርግ» እና «ሂድ» የሚሉትን አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ሲለቅም መጨረሻ ላይ የማይነበብ ፊደል ይጨምራል። ሁለተኛው አይጨምርም፤ ይልቁንም «እዚህ» የሚለውን ቃል ያስረዝማል። ቶማስ ሳቸል በ1920 እ.ኤ.አ. ይህን በማክቤዝ ገጾች ላይ አስተዋለ፤ ቻርልተን ሂንማን በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው ታላቅ ጥናት መላውን መጽሐፍ በዚህና በመሰል ምልክት ለለቃሚዎቹ አከፋፈለ። የደራሲውን ልማድ ለማወቅ አስቀድሞ የለቃሚውን ልማድ ለይቶ ማውጣት እንደሚያስፈልግ ሁሉም ተረዳ። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። «አዲስ» በግዕዝ «ሐዲስ» ነው። በሐመሩ ሐ ይጻፋል፤ ሴቲቱ «ሐዳስ» ናት። ዕብራይስጥም ዐረብኛም በዚያው ሥር ያውቁታል። ትግርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ስለ ጠበቀ እስከ ዛሬ «ሓድሽ» ይላል፤ የኤርትራው ጋዜጣ «ሓዳስ ኤርትራ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። አማርኛ ግን የጉሮሮውን ሐ በብዙ ቃላት ውስጥ ዋጠው። አፍ «አዲስ» ሲል ብዕር ምን ያድርግ? ሦስት መንገድ ነበረው፤ ሦስቱም ተሄደባቸው።

የመጀመሪያው መንገድ ግዕዙን እንዳለ መያዝ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ሲታተም ርእሱ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነበር። መጽሐፉ የግዕዝ ስለ ሆነ ሌላ አጻጻፍ አይጠበቅም። ያንን መጽሐፍ ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ዕረፍት በኋላ ለኅትመት ያበቁት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። አለቃ ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ደግሞ ርእሱን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» አሉት። መምህሩ በሐመሩ ሐ፣ ደቀ መዝሙሩ በዐይኑ ዐ። በሁለቱ ርእሶች መካከል ያለው ርቀት የአማርኛን ታሪክ ይዟል። የጉሮሮው ሐ ሲጠፋ ቅርብ ዘመዱ የጉሮሮው ዐ ይተካዋል እንጂ እንግዳው አልፋው አ አይገባበትም የሚል የሊቃውንት ሥርዐት አለ። «ሐፄ» የነበረው «ዐፄ» ተብሎ የሚጻፈው በዚሁ ሥርዐት ነው። አለቃ ደስታ አፍ የሚለውን ሳይክዱ ዘሩንም ሳይረሱ ሁለተኛውን፣ የመሐሉን መንገድ ይዘዋል። ይህን አጻጻፍ ሳይ አንድ ሊቅ ሁለት ቋንቋ በአንድ ፊደል ለማስታረቅ ያደረገው ጥረት ይታየኛል፤ አደንቀዋለሁም።

ሦስተኛው መንገድ «አዲስ» ነው፤ ያሸነፈውም እሱ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ፣ ምኒልክ ያቋቋሟት አዲስ ዓለም፣ በ1933 ዓ.ም. ከጣልያን ወረራ ፍጻሜ ጋር የተወለደው «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ፣ በሊቦ ከምከም ያለችው አዲስ ዘመን ከተማ፣ በአዊ ዞን ያለችው አዲስ ቅዳም ዛሬ ሁሉም በአልፋው አ ይጻፋሉ። ይህን ያጸናው ዐዋጅም ሆነ ጉባኤ አልነበረም። ማኅተም፣ ደብዳቤ፣ የአውቶቡስ ግንባርና የሱቅ ሰሌዳ አጸኑት።

ትኩረት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ሐ የጠፋው ከቃሉ ሁሉ አይደለም፤ ቃሉ በሁለት ንብርብር ተከፍሎ ነው የሚኖረው። በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት በኩል የመጡት ልጆቹ ሐውን ይዘዋል፦ ሐዲስ ኪዳን፣ የሐዲስ መምህር፣ ብሉያትና ሐዲሳት፣ ተሐድሶ፣ ሕዳሴ። በቤትና በገበያ በኩል የመጡት ጥለውታል፦ አዲስ፣ ማደስ፣ እድሳት፣ ታደሰ፣ ታዳሽ። ወንድማማቾቹ ዘመዳሞች መሆናቸውን እስኪረሱ ድረስ ተራርቀዋል። አዲስ ቅዳም ላይ ቆሞ ይህን ማየት ቀላል ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ ሰው ሐዲስ ኪዳን ሲነበብ ይሰማል፤ ከዚያ ወጥቶ አዲስ ቅዳም ገበያ ይገባል። የእስልምና ተከታይ ጎረቤቱ «ሐዲስ» ሲል የነቢዩን ንግግር ማለቱ ነው፤ ዐረብኛው ቃል ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ሦስቱም በአንዲት ከተማ አፍ ውስጥ ይኖራሉ፤ ማንም አይምታታበትም። ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ የሚወስደው መንገድ ዓባይ ላይ ወደ ቆመው የሕዳሴ ግድብ ያደርሳል፤ ግድቡም በጋዜጣው አንዴ «ሕዳሴ»፣ አንዴ «ህዳሴ» ይባላል። እንግዲህ በአንድ ዞን አስፋልት ላይ የአንዱ ሥር ሁለት ልጆች፣ አንደኛው ያለ ሐ፣ ሁለተኛው በሐ፣ በሰሌዳ ተጽፈው ይገኛሉ ማለት ነው።

የጎጃሙ ልጅ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ስምም እዚህ ይገባል። በመጻሕፍት ሽፋን፣ በጋዜጣና በቤተ መጻሕፍት ካርድ ሐዲስ፣ ሀዲስ፣ ሃዲስ ዓለማየሁ ሆኖ ይታያል። አዲስ ዓለማየሁ ብሎ የሚጠራቸው ግን የለም። ስማቸው ከሊቃውንቱ ንብርብር የመጣ ነውና። የአገራቸው ከተማ ደግሞ ከገበያው ንብርብር መጣች፤ «ሐዲስ ቅዳም» ብሎ የጠራት አልሰማሁም። ተመሳሳይ ቃል፣ ተመሳሳይ ክፍለ ሀገር፣ ሁለት የማይቀያየሩ መልኮች።

ወደ ኢትዮጵያ መድረክ ስንመጣ የእንግሊዙ ጥናት ምን ያህል ሊጠቅመን እንደሚችል ይታያል። ድራማ ከሌሎች ጽሑፎች የሚለየው ተመልካቹ አጻጻፉን ስለማያየው ነው፤ የሚደርሰው የተዋናዩ ድምፅ ብቻ ነው። ንጉሡ ሠም እሳቱ ሰም ከተዋናይ አፍ ሲወጡ አንድ ናቸው። ስለዚህ የተውኔት ጽሑፍ ላይ የሚገኝ አጻጻፍ ለማስዋብ ተብሎ የመጣ አይደለም፤ ወይ የደራሲው ትምህርት፣ ወይ የገልባጩ ልማድ፣ ወይ የለቃሚው እጅ ነው።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ርእስ ራሱ ምስክር ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» አሉት። በኋላ ጸሐፊዎች «ኮሜዲያ» ብለው ሲጠቅሱትም ይታያል። የዛሬው የቴሌቪዥን ቃል «ኮሜዲ» ነው፤ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ያ» ግን ከእንግሊዝኛም ከፈረንሳይኛም አይመጣም። ሩሲያኛ ነው፤ ጣልያንኛም እንዲሁ ያበቃል። ደራሲው በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው በዚያ እንዳደጉና ወታደራዊ ትምህርት እንደ ተማሩ የሚያውቅ ሰው ወደ የትኛው እንደሚያደላ ግልጽ ነው። አጻጻፉ ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ከሕይወቱ ጋር ሲገጥም ተናገረ። ከሰር ቶማስ ሞር ገጾች የተማርነው ይኸው ነበር።

«ቴአትር» የሚለው ቃልም ገና አልረጋም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ባሉባት ከተማ ቴአትር፣ ትያትር፣ ቲያትር፣ ቴያትር እየተባለ ይጻፋል። «ቴአትር» ውስጥ የፈረንሳይኛው አነጋገር ይሰማል። «ቲያትር» ወደ እንግሊዝኛው ያደላል። ያ ለውጥ የትምህርታችን ቋንቋ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የዞረበትን ዘመን ተከትሎ የመጣ ይመስለኛል፤ የተውኔት ማስታወቂያዎችን በዓመት አሰልፎ ያየ ሰው ሊፈትነው የሚችል ሐሳብ ነው።

ከደብረ ኤልያስ የወጡት የቅኔ ሰው ዮፍታሔ ንጉሤ ደግሞ ሌላውን ጥያቄ ያነሣሉ። ስማቸው ውስጥ ሐመሩ ሔና ንጉሡ ሤ አሉ። በዛሬ ጽሑፍ «ዮፍታሄ ንጉሴ» ተብሎ ይገኛል። ቅኔ የተቀኘ ሰው ሁለቱን ሰ አያምታታም፤ «ሰረቀ» ሲል ሌባን፣ «ሠረቀ» ሲል ፀሐይን፣ «ሰአለ» ሲል ልመናን፣ «ሠዐለ» ሲል ሥዕልን ያያል። ቅኔ ቤት ውስጥ ይህን ማሳሳት ያስወቅሳል። እንግዲያው በእንደዚህ ያለ ደራሲ ተውኔት ላይ የተዛባ አጻጻፍ ሲገኝ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ደራሲው ሳይሆን ገልባጩ ወይም ፊደል ለቃሚው ነው። በአንጻሩ በዘመናዊ ትምህርት ያደገ ደራሲ ላይ ተመሳሳይ መዛባት ቢገኝ የራሱ ሊሆን ይችላል። ሐምሌትን፣ ኦቴሎንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ የመለሱት ሎሬት እንኳ «ጸጋዬ»ም «ፀጋዬ»ም ተብለው ይታተማሉ። ግዕዙ «ጸጋ» በጸሎቱ ጸ ነው፤ ሽፋኖቹ ግን በፀሐዩ ፀም መጥተዋል። የሼክስፒርን ስም ስለ መጻፍ እንግሊዞች አንድ ምዕተ ዓመት ከተከራከሩ፣ በአገራችን ቋንቋ ሼክስፒርን ስላናገረው ሰው ስም እኛ ጥቂት ገጽ ብናውል ምን ይበዛል?

የሄንስሎው ጥያቄም እኛ ዘንድ አለ። ጸጋዬ ስለ ቴዎድሮስ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ የጻፉት ተውኔት በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ መድረክ ታየ፤ ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ በአማርኛ መጣ። ከሁለቱም በፊት ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ የፋቡላው ደራሲ ልጅ፣ በ1942 ዓ.ም. «ቴዎድሮስ» የተባለ ታሪካዊ ድራማ አሳትመው ነበር። የአማርኛው የጸጋዬ ቴዎድሮስ ሲታይ «አዲስ ቴአትር» ቢባል አዲስነቱ በምን ነው? በቋንቋው ነው፣ በዝግጅቱ ነው፣ ወይስ በመንግሥት ፈቃድ? በንጉሡም በደርግም ጊዜ ተውኔት ያለ ሳንሱር አይታይም ነበርና የፎክስና የሪከርት ሐሳብ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በማስታወቂያ ላይ የምትታይ «አዲስ» የምትል ቃል እንደ ሄንስሎው ምልክት ከአንድ በላይ ትርጉም ትይዛለች። የቴአትር ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ማስታወቂያዎችን ሲጠቀሙ ይህን ቢያስቡበት በመጀመሪያ ዕይታ ዓመት ላይ የሚነሡ ብዙ ክርክሮች ይቃለላሉ።

እንደ ሀ፣ ሐና ኀ ያሉ ሞክሼ ሆሄያት ይቀነሱ የሚለው ክርክር ረጅም ዕድሜ አለው። ምሁራኑ ጌታቸው ኃይሌና አብርሃም ደሞዝ ከጻፉበት ጀምሮ የሁለቱም ወገን መከራከሪያ ብዙም አልተለወጠም። ይቀነሱ የሚሉት ሕፃን ልጅ ለአንድ ድምፅ ሦስት ሀ መማር የለበትም ይላሉ። ይቆዩ የሚሉት የቃሉ ዘር ይጠፋል ይላሉ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ግን ሁለቱም የሚያወሩት ወደፊት ስለሚጻፈው ነው። ከፊታችን ስላለው የተጻፈ ሀብት ብዙ ሲባል አልሰማም። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች አማርኛን ለማሽን ሲያዘጋጁ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ሠን ወደ ሰ የመጠቅለል ልማድ አላቸው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል ሲቀበል ለእያንዳንዱ የተለየ ቁጥር ስለ ሰጠ «አዲስ» ብሎ የፈለገ ሰው «ዐዲስ»ን አያገኝምና መጠቅለሉ ለፍለጋ ይጠቅማል። ነገር ግን ፍለጋውን ለማቅለል የተጠቀለለው ጽሑፍ እንደ ዋናው ሆኖ ከተቀመጠ አለቃ ደስታ ለምን ዐይኑን ዐ እንደ መረጡ የሚጠይቅ ተማሪ መነሻ ያጣል። ያረጀ ተውኔት ዳግም ሲታተምም እንዲሁ ነው። አራሚው ሁሉንም በአንድ ልማድ ያስተካክላል፤ ምን እንደ ቀየረ የሚናገር አንድ ገጽ እንኳ አይጨምርም። እኔ አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ ለዛሬ አንባቢ የሚወጣው እትም ይስተካከል፣ ከመጀመሪያው እትም አንድ ቅጂ ግን ፊደሉ ሳይነካ በፎቶ ይቀመጥ። የእንግሊዞቹ ጥናት ሊሠራ የቻለው የ1600ና የ1623 መጻሕፍት ስሕተታቸውን እንደያዙ ስለ ቆዩ ነው።

ለዕለት ጽሑፍ ግን «አዲስ» ይበቃል። ማኅተሙ፣ ጋዜጣውና ሕዝቡ ወስነዋል፤ ወደ ዐይኑ ዐ እንመለስ ማለት አይጠቅምም። የሰው ስም ደግሞ ባለቤቱ እንደ ጻፈው ይጻፍ።

የቆዩ አጻጻፎችን እንዳሉ የመሰብሰቡን ሥራ በአዊ መጀመር ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ዞኑ የአጻጻፍ ጥያቄ ሞልቶታል። እንጅባራና እንጂባራ፣ ዳንግላና ዳንጊላ፣ ፋግታና ፋገታ በአንድ ሳምንት ጋዜጣ ላይ ይገናኛሉ፤ እንጅባራ ራሷ ቀድሞ ኮሶበር ትባል ነበር። የአዲስ ቅዳም ሁለተኛ ቃል እንኳ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ግዕዙ «ቀዳሚት» ነው፤ የመጀመሪያዪቱ ሰንበት ማለት ነው። አዲስ አበባ «ቅዳሜ» ትላለች። «ቅዳም» የሚለው መልክ በዚህች ከተማ ስምና በሰሙነ ሕማማቱ «ቅዳም ሹር» ውስጥ ጸንቷል። የገበያ ቀን ከተማ የሚሰይምበት ልማድ ከአዊ ውጭም ሰፊ ነው፤ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ሐሙሲት አለች፣ ጎንደር አጠገብ ማክሰኝት፣ ሸዋ ውስጥ ሮቢት። እነዚህ ስሞች በየገበያው እንዴት እንደ ተጠሩ፣ በየዘመኑ ግብር ደረሰኝና ደብዳቤ ላይ እንዴት እንደ ተጻፉ ማሰባሰብ ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚመጥን ሥራ ነው።

በዞኑ አማርኛ ብቻ አይነገርም። የአዊ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ኩሻዊ ነው፣ ስሙም አገውኛ፣ አዊኛ፣ አውንጊ እየተባለ ሲጻፍ ገና አንድ ላይ አልረጋም። በዚህ ቋንቋ ውስጥ የጉሮሮው ሐም ዐም የሉም። በአንጻሩ በአፍንጫ በኩል የሚወጣ፣ አማርኛ የሌለው ድምፅ አለ፤ ለዚህ ድምፅ በአገው ቋንቋዎች ጽሕፈት ጘ የሚባል ፊደል ይሠራበታል። ስለዚህ የከተማዋ ስም በአገውኛ ሲጻፍ ጥያቄው እንደ አማርኛው አይሆንም። ሦስቱ ሀዎችና ሁለቱ አዎች ለዚያ ቋንቋ ጽሑፍ ከግዕዝ የተወረሱ እንግዶች ናቸው፤ የሚያስፈልገው ፊደል ደግሞ በብዙ ስልኮች የቁልፍ ሰሌዳ ላይ በቀላሉ አይገኝም። በአገውኛ መማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ መምህራን ሞክሼ ፊደል ይግባ ወይስ አይግባ ብለው ሲወስኑ፣ ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ቢያሰፍሩት ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ እኛ በአማርኛ የምንፈልገውን ማስረጃ ተጽፎ ያገኘዋል።